መጥረጊያው

ሱቄ ምድር ቤት ነው፣ ቸርችል ቁልቁለት ላይ፤
ከመስኮቴ ሽቅብ ጫማ እንጂ ሰው አይታይ።
ጳጉሜን ሦስት ነበር፣ ሰማዩ ተቀዶ፣
አንድ ጥቁር ጫማ ከደረጃው ወርዶ
ቆመ ከበሬ ላይ።
ጋሽ ሽመክት ናቸው፤
ለበዓል እንደ ገዙት በግ፣ ከትከሻቸው
የኮምፒውተር ሣጥን፣ ላስቲክ አልብሰው።

«ይንገጫገጫል» አሉ፣ ሣጥኑን አውርደው፤
«መሪ ስጠመዝዝ መንገዱ ዘግይቶ ነው የሚከተለው።»

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድተው
ጡረታ ወጡና ዛሬም ይነዳሉ፤
በሌለ ከተማ ፌርማታ ይቆማሉ፣
ለሌለ ተቆጣጣሪ ትኬት ይቆጥራሉ።

ከፈትኩት። ከጥጉ ቆጣሪ አወጣሁ፤
ሠላሳ ይለኛል።
መንገድ ቀየርኩበት፣ ጭጋግ አነሳሁ፤
ሠላሳ።
ማራገቢያው ቦዝኖ፣ ሥራ ፈትቶ ሲያዛጋ፣
መቶ የሚችል ካርድ ሠላሳ ላይ ተዘጋ።
በሰከንድ ሠላሳ ምስል፣ ከዚያ በኋላ የለም፤
እንደኛ ወር ነው፣ ከሠላሳ አያልፍም፤
ትርፉን ግን እንደኛ ጳጉሜን አይለውም።

ፋይሉን አገኘሁት፣ ከስምንት አቃፊ ሥር፤
ሠላሳን ሰረዝኩ፤ ስልሳ አልኩ፤ አንዲት ቁጥር።
ልጓሙ ወለቀ።
አውቶቡሱ በረረ፤ አረንጓዴው ሳይጠግብ ቀላ፣
እግረኛው ዘለለ፣ ዛፉ ወደ ኋላ፣
ፀሐይዋ ወደቀች እንደ ጥምቀት ሎሚ፣
ገና ሳይሳፈር ወራጅ ሆነ ቋሚ።
«ያዘው! ኧረ ያዘው!» ጋሽ ሽመክት ጮኹ፣
ፔዳል የሌለውን የሱቄን ወለል በቀኝ እግር እየረገጡ።

ገባኝ። የሠራው ሰው ጊዜን ከምስል ጋር ቋጥሮታል፤
ዓይን እጠግባለሁ ባለ ቁጥር ሰዓቱ ይነጉዳል።

ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት
መብራት ሄደ።
ባትሪው ሁለቴ ጮኸ። ዝም።

በመስኮቴ በኩል ትንንሽ እግሮች፣ ያለ ጫማ፣
በሩፋኤል ዝናብ ሲራጩ ይሰማ።
«አየህ ልጄ» አሉኝ ከጨለማው፣
«ሾፌር በክረምት መንገዱን የሚያውቀው በመጥረጊያው ነው።»
ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም።
ሻማ እየፈለግሁ ነበር።

አንድ ሰዓት ሲሆን መብራት መለሰው።
ሌላ መስመር አለ፣ ቅድም ዓይኔ የዘለለው፤
ምስል በመጣ ቁጥር ዓለሙ ስንት እንደሚራመድ የሚለካው።
አንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ይል ነበር፤
አንድ ስልሳኛ አልኩት።
አውቶቡሱ ረጋ። ኩርባው ላይ እንደ ዘይት ተንሸራተተ፤
ኮራሁ። መሪውን ሰጠኋቸው።

ጨዋታው ውስጥም ዘነበ።
ጋሽ ሽመክት አንድ እጃቸውን ከመሪው አነሡና
በጣታቸው ጠረጴዛዬን መታ፣ መታ አደረጉ፤
«ይቸኩላል።»
«ምኑ?»
«መጥረጊያው። አራት ሲበቃው አምስት ይጠርጋል።»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ቆጣሪውን አየሁ።
ሰባ አምስት።
የሱቄ ስክሪን ሰባ አምስት ነው፤ ካርዱም እሱን ተከትሎ ሄዷል፤
ለስልሳ የለካሁት እርምጃ ሰባ አምስቴ ተረግጧል።
አምስት ለአራት።
እኔ በሒሳብ፤ እሳቸው በጣት።

ልጓም ልፈታ የተቀመጥኩ ሰው ልጓም አስሬ ጨረስኩ፤
ስልሳ ላይ፣ በእጄ።
እንደገና መቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።
ጣታቸው ቆመ።
ደግ ነው ወይም አይደለም አላሉም፤
ፌርማታው ላይ በሩን ከፍተው
አንዲት የሌለች አሮጊት ደረጃውን እስክትጨርስ ጠበቁ።

ከፍለው ወጡ። ጥቁሩ ጫማ በመስኮቴ አልፎ ሽቅብ ጠፋ።
ከጠርዙ አንድ ሚኒባስ ተገትሯል፤
ጎማውን እንጂ መስታወቱን አላይም፤
ላስቲኩ ያለቀ ብረት ግን መስታወት ሲፍቅ ይሰማኛል፤
ይሄዳል፣ ያመነታል፣ ይመለሳል።
ኮምፒውተሩ ጠፍቷል።
ጣቴ ግን ጠረጴዛው ላይ መቁጠር ጀምሯል።